ሞተሩን ከነካምቢዮው የገጠሙት ጦጢትና አህያ

አንድ ጊዜ፣ መንገድ ሠሪዎች ድንኳናቸውን ነቅለው በሄዱበት ቆላ ውስጥ አንዲት ጦጣ አሮጌ ፒካፕ መኪና አገኘች። መኪናው ትልቅ ግራር ሥር ቆሟል። ሞተሩና ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ ወልቀው አጠገቡ በሸራ ተሸፍነዋል። ሠራተኞቹ ሊጠግኑት ጀምረው ሳይጨርሱት ነበር የሄዱት። ጦጢት ግን ለወራት ግራሩ ላይ ተቀምጣ ሥራቸውን ስትመለከት ስለከረመች፣ የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ አንድ በአንድ ታውቃለች።

መኪናውን የፈለገችው ለመንሸራሸር አልነበረም። ወንዙ ከዚያ ቆላ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። በቆላው ለሚኖሩት አቅመ ደካማ እንስሳት ውሃ የሚያመጣላቸው አህያ ብቻ ነው፤ ሁለት ጀሪካን በግራ፣ ሁለት በቀኝ ጭኖ ዘወትር ይመላለሳል። መሄድ የሚችሉት ራሳቸው ይሄዳሉ። ታዲያ መንገዱ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ደግሞ ቀበሮ ያደፍጣል። ባለፈው በጋ ጥንቸል ውሃ ሊጠጡ የሄዱ ሁለት ልጆቿን እዚያ አጥታለች።

«ጋሼ፣ ይህ መኪና ቢነሳ እኮ አራት በርሜል ውሃ በአንዴ ያመጣል። ጥንቸሎቹንም አሳፍረን እንወስዳቸዋለን» አለችው ጦጢት ለአህያ።

«እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም። ጉልበቴን ከፈለግሽ ግን አለሁ» አላት።

ወሬው ቀበሮ ጆሮ ገባ። መኪናው ከተነሳ ሸለቆው ውስጥ በእግሩ የሚያልፍ እንደማይኖር ወዲያው ገባው። በማግስቱ ጅራቱን እያወዛወዘ መጣና ከጦጢት ፊት ተቀመጠ።

«እመት ጦጢት፣ መቼም እንዳንቺ ያለ ባለሙያ አላየሁም። አንድ ነገር ብቻ ልምከርሽ። መጀመሪያ ሞተሩን ለብቻው አስገቢ፤ ካምቢዮውን በኋላ ከሥር ሆነሽ ትገጥሚዋለሽ። እንዲህ ያለ ቀጭን ወገብ ይዘሽ ሁለቱን አንድ ላይ ልታነሺ ነው?»

ጦጢት ሙገሳው ደስ አላት፤ ምክሩም ልክ መሰላት። ሠራተኞቹ አንድ ሌሊት እሷ ተኝታ ሳለች እንደዚያ ሲሞክሩ ምን ያህል እንደተንገላቱ ቀበሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ማየቱን አላወቀችም።

ሞተሩን ሠራተኞቹ ግራሩ ላይ በተዉት የሰንሰለት ማንሻ እያነሳች በሁለት ቀን አስገባች። ከዚያ ካምቢዮውን በድንጋይ ደግፋ ከመኪናው ሥር ተጋደመች። የካምቢዮው ዘንግ ሞተሩ ላይ ባለው ፍሪሲዮን መሐል ባለችው ቀዳዳ መግባት አለበት። አንድ ቀን ገፋችው፤ አልገባም። ሦስት ቀን ገፋችው፤ አልገባም። በዘጠነኛው ቀን ድንጋዩ ተንሸራተተና ካምቢዮው ከጭንቅላቷ አንድ ስንዝር ርቆ መሬት ላይ ተከሰከሰ። ጦጢት ከሥር ወጥታ፣ ፊቷ በአቧራና በግራሶ እንደተለወሰ ተቀምጣ አለቀሰች።

አህያ ያን ጊዜ ከወንዝ እየተመለሰ ነበር። ጀርባው ስለቆሰለ በአራቱ ጀሪካን ፋንታ ሁለት ብቻ ነው የያዘው። ስታለቅስ አይቶ አጠገቧ ቆመ፤ እስክትጨርስም ጠበቃት።

«እነዚህ ሁለቱ መሬት ላይ ሆነው ይጋጠማሉ?» ሲል ጠየቃት።

«መሬት ላይማ ቀላል ነው።»

«ታዲያ እዚሁ አጋጥመሽ ለምን አንድ ላይ አናነሳቸውም?»

«ይከብዳላ፣ ጋሼ። ደግሞም ይረዝማል። በየት በኩል ይገባል?»

«እኔ ከቁመቴ የረዘመ ግንድ ተሸክሜ በጠባብ በር ገብቻለሁ» አለ አህያ። «የኋላውን ጫፍ ዝቅ፣ የፊቱን ከፍ አድርገሽ፣ ዝቅ ያለውን ታስቀድሚያለሽ። ከዚያ እየገባ ሲሄድ ቀስ እያልሽ ታስተካክይዋለሽ።»

ጦጢት እንባዋን ጠረገች። መኪና ነድቶም ፈትቶም የማያውቅ አህያ፣ እሷ ለወራት አፍጥጣ ያላየችውን ነገር ነገራት። ትንሽ አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ተደነቀች።

ሞተሩን መልሳ አወጣች። መሬት ላይ ከካምቢዮው ጋር አገናኘችው፤ ዘጠኝ ቀን እምቢ ያለው ዘንግ በአንድ ጠዋት ገባ። ዙሪያውን ያሉትን ብሎኖች አጠበቀች። ሰፊ መግቢያ እንዲኖር ራዲያተሩንና የፊት ለፊቱን ብረት ነቀለች። የሰንሰለት ማንሻው ከግራሩ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የሞተሩን ፊት በአንድ ጠፍር፣ የካምቢዮውን ጫፍ በሌላ ጠፍር አስራ፣ ሁለቱንም ከማንሻው መንጠቆ ላይ ሰቀለቻቸው።

አህያ ዙሪያውን ዞሮ አየው። በአፍንጫው ነካ ነካ አደረገው።

«የኋላውን ጠፍር ስንዝር ተኩል ያህል አርዝሚው» አለ።

ያለውን አድርጋ ትንሽ ከፍ ብታደርገው፣ የካምቢዮው ጫፍ ልክ እንደሚፈለገው ዘቀዘቀ።

ሁለቱ አንድ ላይ ስለከበዱ ሰንሰለቱን ለመሳብ ጉልበተኛ አስፈለገና ጅብን ጠሩት። ጅብም ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ አለ። ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ፈልጎ ሲያርፍ ግን ቀበሮ ወደዚያ ሲመጣ የነበረውን ጅብ ግራሩ አቅራቢያ አገኘው።

«አያ ጅቦ፣ የበሬ ቆዳ ይሸትሃል?»

ጅብ አየሩን አሸተተ። «ይሸተኛል።»

«እዚያ ሞተር ላይ ነው የታሰረው። ማንም አይጠብቀውም።»

ጅብ ሌላ አልጠየቀም። ሹልክ ብሎ ሄዶ የኋላውን ጠፍር እስከ ግማሹ ጋጠው። ሙሉውን ሳይበላ የአህያን ኮቴ ሰማና አፉን ጠርጎ ሰንሰለቱ አጠገብ ቆመ።

ሥራው ተጀመረ። ጅብ ሰንሰለቱን ሳበ፤ ሞተሩ ከነካምቢዮው ከመሬት ተነሳ። ከፍ አለ፣ ከአህያ ወገብ በላይ ደረሰ። ጦጢት ወደ መኪናው አፍ ልታዞረው እጇን ስትዘረጋ የኋላው ጠፍር ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ካምቢዮው ሳይወድቅ አህያ በሁለት እርምጃ ገብቶ ጀርባውን ከካምቢዮው ሥር አስገባ። ብረቱ ቁስሉ ላይ አረፈ። ጉልበቶቹ ግን አልታጠፉም።

«አያ ጅቦ፣ ሰንሰለቱን እንዳትለቀው» አለ አህያ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ የጭነት ገመዴ እዚያ ግንድ ላይ ነው። አምጪው» አላት።

ጦጢት ሮጣ አመጣችው። ልትቋጥረው ስትጣደፍ ግን ገመዱ አመለጣት።

«አትቸኩይ። ሁለት ጊዜ ጠምጥሚው። አሁን ጫፉን በሥሩ አሳልፊው። አዎ፣ እንደሱ። አጥብቂው።»

ጦጢት ድምፁን ተከትላ ቋጠረች። ያ ሁሉ ክብደት ላዩ ላይ እያለ እሷን ያረጋጋበትን አነጋገር ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም። ገመዱ ሲወጠር አህያ ከሥር ወጣ። ከጀርባው ደም ይወርድ ነበር።

«በይ፣ እናስገባው» አለ።

የካምቢዮውን ጫፍ አስቀድመው አስገቡት። አህያ «ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አሁን ቀና አድርጊው» እያለ፣ ጦጢት እየመራች፣ ጅብ ሰንሰለቱን እየለቀቀ፣ ያ ረጅም ብረት አንድ ቦታ እንኳ ሳይነካ ገብቶ መቀመጫው ላይ አረፈ። አራቱም ብሎኖች ቀዳዳቸውን አገኙ።

ጦጢት የተበጠሰውን ጠፍር አንስታ ስታገላብጥ የጥርስ ምልክት አየች።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለ ጅብ። «ቀበሮ ብላው አለኝ እንጂ እኔ መች አሰብኩት? ደግሞ እሱ እንዳለው አይጣፍጥም።»

ቀበሮ ከቁጥቋጦው ውስጥ ይህን ሲሰማ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው አፈገፈገ።

ጦጢት ጅብን አልሰደበችውም፤ ገና ሥራ ነበረው። ራዲያተሩን መልሳ ካሰረች፣ የቀረውን ሁሉ ካገናኘች በኋላ ሠራተኞቹ የተዉትን ናፍጣ ሞላች። ባትሪው ሞቷል፤ ስለዚህ ጅብን ከኋላ አቁማ ቁልቁለቱ ላይ እንዲገፋ አዘዘችው። መኪናው ፍጥነት ሲያገኝ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ አንገራገረ፣ ከዚያ ተነሳ።

በማግስቱ ጠዋት አራት ባዶ በርሜሎች፣ ጥንቸልና የተረፉት ልጆቿ፣ አንዲት ሸምገል ያለች ሚዳቋም ተጫኑ። አህያ እንደለመደው ከጎን ሊሄድ ሲዘጋጅ ጦጢት የኋላውን በር ከፍታ ሳንቃ አጋደመችለት።

«ጋሼ፣ ይውጡ።»

«እኔ? እኔማ በእግሬ እደርሳለሁ።»

«ካልወጡ መኪናው አይሄድም።»

አህያ እያመነታ ወጣ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እግሮቹን ፈርከክ አድርጎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ግን ጀርባውን ነፋስ ሲነካው ጆሮዎቹን ጣለና ዓይኑን ጨፈነ። ሸለቆውን ሲያልፉ ጥንቸል ልጆቿን ከሥሩ አስጠግታ ነበር። ቀበሮ ከቋጥኙ ጥግ የመንገዱን አቧራ እያየ ቀረ። ጦጢት በመስታወቱ ወደ ኋላ ስትመለከት አህያ ቆሞ እንቅልፍ ወስዶታል፤ እንዳትቀሰቅሰውም ድንጋይ ድንጋዩን እየለየች ቀስ ብላ ነዳች።

ከዚህ የምንማረው፣ ከባድ ሥራ በገጠመን ጊዜ እያሞገሰ ከሚመክረን ይልቅ ሸክሙን በጀርባው ተሸክሞ የሚያውቀውን ዝምተኛ ጠይቀን ብንሰማው እንደሚበጀን ነው።