ትርንጎ ጡት እንድትይዝ

ጆሯችሁን ስጡኝማ፤ ከአንዲት ትንሽ ሳል የተነሳች ረጅም መንገድ ልንገራችሁ።

ወንዙ ዳር ካሉት የላስቲክ ቤቶች ባንዱ እታፈራሁ የምትባል እናት ነበረች። የስምንት ወር ልጇ ትርንጎ ሳል ያዛት፤ ጎኗ እንደ ወናፍ ገባ ወጣ አለ። ጡት ብትሰጣት ትርንጎ ጡት አልይዝም አለች። እታፈራሁ አዝላት ጤና ጣቢያ ገሰገሰች።

«ሲስተር፣ ልጄን እይልኝ፤ ጡት ትያዝልኝ!»

«ካርድሽስ?»

«የለኝም።»

«ያለ ካርድ መድኃኒት አይሰጡኝም እኮ፣ እህቴ። ካርድ አውጪና ቶሎ ነይ።»

ትርንጎ ጡት አልይዝም አለች፣ ሲስተሯ ያለ ካርድ አላይም አለች። እታፈራሁ ወደ ካርድ ክፍል።

«የቤት ቁጥር?» አለ ጸሐፊው።

«ቤቴ ላስቲክ ነው።»

«ላስቲክ ደግሞ ቁጥር አለው እንዴ!» ብሎ ሳቀ።

«ዝናቡ ቁጥር ሳይጠይቅ ነው የሚገባው፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያው ከቀበሌ ወረቀት አምጪ።»

ትርንጎ ጡት አልይዝም አለች፣ ሲስተሯ ያለ ካርድ አላይም አለች፣ ጸሐፊው ያለ ወረቀት አልጽፍም አለ። እታፈራሁ ወደ ቀበሌ።

«እዚህ ሰፈር ማን ያውቅሻል?» አሉ ሊቀመንበሩ። «የእድሩ ዳኛ ይመስክሩልሽ።»

ትርንጎ ጡት አልይዝም አለች፣ ሲስተሯ ያለ ካርድ አላይም አለች፣ ጸሐፊው ያለ ወረቀት አልጽፍም አለ፣ ሊቀመንበሩ ያለ ምስክር አልሰጥም አሉ። ትርንጎም ጀርባዋ ላይ ኡህ ኡህ ብላ ሳለች። እታፈራሁ መቀነቷን አጠበቀችና ወደ እድሩ ዳኛ።

ዳኛው አባባ ወልደሰንበት ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆመዋል። ድንኳኑ ለሁለት ተቀዶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ለቅሶኛው ፀሐይ ላይ ነው።

«አባባ፣ ይመስክሩልኝ!»

«ድንኳን ሳይቆም ሰው ጥዬ የት ልሂድ፣ ልጄ? ድንኳኑን የሚሰፋው ሰው ገበያ ወርዷል።»

እንግዲህ ትርንጎ ጡት አልይዝም አለች፣ ሲስተሯ ያለ ካርድ አላይም አለች፣ ጸሐፊው ያለ ወረቀት አልጽፍም አለ፣ ሊቀመንበሩ ያለ ምስክር አልሰጥም አሉ፣ ዳኛው ያለ ድንኳን አልነሳም አሉ፣ ድንኳኑ ያለ መርፌ አልቆምም አለ!

እታፈራሁ ቅዳዱን አየችው። በየክረምቱ ቤቷን የምትጥፈው ማን ሆነና?

«የጆንያ መርፌና ሲባጎ አምጡልኝ!»

«ልጅ አዝለሽ?» አለች አንዷ ለቅሶኛ።

«ቤቴንስ አዝያት አይደል የሰፋሁት?»

ዝናብ እንዳያስገባ ጫፉን ሁለቴ አጠፈች፤ ወጋች፣ ሳበች፣ ቋጠረች።

ያኔ ድንኳኑ ቆመ፣ ለቅሶኛው ጥላ ገባ፣ ዳኛው ከዘራቸውን አንስተው ተነሱ። ቀበሌ ገብተው፣ «ማን ያውቃታል አልክ? ሂድና ድንኳናችንን እይ!» አሉ። ሊቀመንበሩ ማኅተም መቱ፣ ጸሐፊው ካርድ ጻፈ። አሁን አልሳቀም፤ የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ «ድንኳን የሰፋችው እታፈራሁ፣ ወንዝ ዳር» ብሎ ሞላ። ሲስተሯ የትርንጎን ደረት አዳመጠች። «እንኳን ቶሎ መጣሽ» ብላ መድኃኒቱን በማንኪያ አሟሙታ አጠጣቻት፤ የቀረውንም ለእናቷ አስይዛ አሰጣጡን አሳየቻት።

አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ጠዋት ላስቲክ ቤቱ ውስጥ «ወይኔ ጡቴን!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ጎረቤት ደንግጦ ቢሮጥ፣ እታፈራሁ እያለቀሰች ትስቃለች።

ትርንጎ ጡት ይዛለች፤ ያውም በሁለቱ ጥርሶቿ።