ሁልጊዜ ጀርባዋን የምትሰጠው ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ፀሐይ የዓመቱን ግማሽ አኩርፋ በምትከርምበት በስዊድን አገር፣ አልቪን ስቴንሞ የሚባል አርክቴክት ነበር። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ፤ ፍርዱን ከእኔ እንዳትጠብቁ። እኔ ነጋሪ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። በዚህ ታሪክ የተነሣ ከአማቼ ጋር ተከራክረን እስከ ዛሬ ሰላምታችን የይስሙላ ነው።

አልቪን ወጣት ሳለ ከሚስቱ ከዳግማርና ከአንዲት ልጃቸው ከሲግኔ ጋር በአሮጌው ከተማ፣ ረጃጅም ግድግዳ ባፈነው ግቢ ውስጥ ይኖር ነበር። እዚያ ግቢ ፀሐይ የምትገባው በበጋ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ያውም እንደ እንግዳ፣ ሳትቀመጥ ትወጣለች። ግድግዳው ያልበዋል። የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል። ሲግኔ ሰባት ዓመት ሲሞላት ሳል ያዛት። ሐኪም መጣና ደረቷን አዳመጠ፤ ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ።

«መድኃኒቷ ፀሐይ ነው። እሱ ደግሞ እዚህ ቤት የለም» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ቀበሯት። አልቪን ከቀብር ሲመለስ ማለ፤ ጌጥ ያለበት ቤት ዳግመኛ አልሠራም አለ። የተጠማዘዘ ዓምድ፣ የተቀረጸ አበባ፣ የአንበሳ ራስ፣ ሁሉም ቀረ። በእነሱ ፋንታ ትልልቅ መስኮት ያላቸው ነጫጭ ቤቶች የተሰለፉበት፣ አንዱ ሌላውን የማይጋርድበት ሙሉ ከተማ ማቀድ ጀመረ። የሙያ ጓደኞቹ «ቤት ሳይሆን ሣጥን ነው የምትሠራው» ብለው ሣቁበት። «ሣጥን ቢሆንም ክዳኑ ክፍት ነው» አላቸው።

እዚህ ላይ የአርክቴክቶችን ሁለት ልማድ ልንገራችሁ። ቤት ሲነድፉ ከጎኑ አንድ ሰው ያቆማሉ፤ የቤቱ ቁመት በሰውየው ቁመት እንዲገመት ነው። ደግሞም በንድፋቸው ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ ከላይ ከግራ ትመጣለች፤ ጥላም ሁሉ ወደ ቀኝ ይወድቃል። አገሩ የትም ይሁን፣ ወሩ የትኛውም ይሁን፣ ለእነሱ ግድ የለም። አልቪን በየንድፉ ላይ የሚያቆመው ሰው ሲግኔ ነበረች። የበጋ ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

አንድ ቀን ዳግማር ንድፎቹን አገላብጣ አየቻቸው።

«ፊቷስ?» አለችው።

«እጄ እምቢ አለኝ።»

«እሺ፣ ለምን ውጭ አቆምካት? አንድ ቀን እንኳ ቤት አታስገባትም?»

«የቤቱን ቁመት ለማሳየት እኮ ነው።»

«ልጄን መለኪያ አደረግኋት በለኛ!» አለችና ልብሷን ሸክፋ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄደች። የሲግኔ ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። ስለዚህ ዳግማር በየማለዳው ከአልጋዋ ሳትነሣ ዓይኗን ጨፍና የልጇን ፊት ትደግመው ነበር፤ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ከአፍንጫዋ ጎን ያለችውን ጥቁር ነጥብ። እንዳይጠፋባት።

ዓመታት አለፉ፤ አልቪን ስመ ጥር ሆነ፤ ከተማዋም ተሠራች። ሰዎች ከየጨለማው ግቢ ወጥተው ገቡባት፤ ሳላቸውም ተዋቸው። ይህን አትርሱ፤ ስንት ልጅ በዚያ ሰውዬ ምክንያት አድጓል።

ነገር ግን ነዋሪዎቹ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ አንዲት ልጅ ማየት ጀመሩ። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሌላ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አደባባዩ ዳር ካለው ቤት ፊት ለፊት ትቆማለች። አንድ እጇን እንዳነሣች ነው። መጀመሪያ ሰላም አሏት። አልመለሰችም። ፊቷን ለማየት ዞረው ወደ ፊቷ ሄዱ፤ ሲደርሱ የሚያዩት ጀርባዋን ነው። እንደገና ዞሩ። እንደገና ጀርባዋ። በረዶ ሲጥል በዚያው በስስ ቀሚሷ ትቆማለች፤ በረዶውም ትከሻዋ ላይ አያርፍም። ከሁሉ የከፋው ግን ጥላዋ ነበር። ፀሐይ ትዞራለች፣ ጥላዋ አይዞርም። ሰማዩ ደመና ሲሆን እንኳ፣ የማንም ጥላ በሌለበት ቀን፣ የእሷ ጥላ ብቻ ወደ ቀኝ ተጋድሞ ይታያል።

ሰው ፈራ። ልጆች ውጭ መጫወት ተከለከሉ። ለፀሐይ ተብለው የተከፈቱት ትልልቅ መስኮቶች በወፍራም መጋረጃ ተዘጉ። አንድ መስኮት ብቻ ሳይጋረድ ቀረ፤ የትሩልስ። ትሩልስ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነጂ ነው፤ ሚስትም ልጅም የለውም፤ የሚኖረውም ልጅቷ አዘውትራ በምትቆምበት፣ አደባባዩ ዳር ባለው ቤት ነው። በረዶ ሲጠርግ ጥላዋን ላለመርገጥ መኪናውን ያዞራል። ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ካፖርት ሊያለብሳት ሞክሯል። ካፖርቱ ምንም እንዳልነካ ሁሉ መሬት ይወድቃል።

እንዲህ እያለ አርባ ክረምት አለፈ፤ በመጨረሻ የከተማዋ ምክር ቤት ተሰበሰበ። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ጉንቦርግ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የልጅ ልጇ ከፍርሃት የተነሣ ከቤት መውጣት ስለተወ አንጀቷ አርሮ ነው። ልጅቷ የመጣችው ከንድፎቹ እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም፤ በንድፉ ላይ ከቆመችበት ቦታ በቀር የትም አትታይምና። ስለዚህ የመጀመሪያው በረዶ በሚጥልበት ቀን ንድፎቹ አደባባይ ላይ እንዲቃጠሉ ወሰኑ። ለአልቪንም መልእክት ላኩበት።

አልቪን ያችን ከተማ ያቅዳት እንጂ ኖሮባት አያውቅም ነበር። ልብ በሉ፣ ያን ሁሉ ዓመት ልጁ እዚያ ቆማ እሱ አላያትም። አርጅቶ፣ በከዘራ መጣ። አደባባዩ ላይ ጀርባዋን ሲያይ ከዘራው ከእጁ ወደቀ።

«ሲግኔ» አላት።

አልዞረችም። ግን ያን ሁሉ ዘመን የተነሣው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

አልቪን ወደ ጉንቦርግ ሄዶ ለመነ። «የሞተ ተጎዳ፣ እርስዎም ያውቁታል» አለችው፤ «እኛ ደግሞ ያሉትን ማሳደግ አለብን። ግን የእጅዎ ሥራ ነውና በረዶ እስኪጥል ይቀመጡበት።» አልቪን ንድፎቹ ከተቀመጡበት ክፍል ገብቶ እርሳስ አነሣ። በየንድፉ ላይ ያለውን ጀርባ እየፋቀ፣ ልጁን ከፊት ለፊት ይሠራት ጀመር። በየወረቀቱ እጁ እየከዳው ሄደ፤ መጀመሪያ ጣቶቹ ደነዘዙ፣ ከዚያ አንጓው። የመጨረሻውን ሲጨርስ ያ ከተማ ያቀደ እጅ ማንኪያ መያዝ አቃተው። ውጭ ጩኸት ተሰማ። ልጅቷ ዞራለች። ግን በፊቷ ቦታ ምንም አልነበረም፤ ልሙጥ ነው፤ ያልተጻፈበት ወረቀት።

አልቪን ከስንት ዓመት በኋላ ለዳግማር ስልክ ደወለ።

«አዞርኳት» አላት፤ «ፊቷን ግን አላስታውሰውም።»

«እኔ አስታውሰዋለሁ» አለች፤ በባቡርም መጣች። ሰዎቹ ከሩቅ ቆመው ሲያዩ እሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ሁለት እጇን ልሙጡ ፊት ላይ አሳረፈች። ከዚያ በየማለዳው የምትደግመውን ድምፅ አውጥታ ደገመችው። ግንባሯን ስትጠራ ግንባር ወጣ። ቅንድቧን ስትጠራ ቅንድብ ወጣ። ዓይኖቿ፣ ከንፈሮቿ፣ ጥቁሯ ነጥብ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ግን እያንዳንዱ ልጅቷ ላይ ሲወጣ ከእናቲቱ ልብ ይጠፋ ነበር። ስትጨርስ እጇን አነሣችና ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀች።

ይህን ስናገር አሁንም ይጨንቀኛል። በዚያችው ሰዓት በረዶ መጣል ጀመረ።

የምክር ቤቱ ሰዎች ቃላቸውን ጠበቁ፤ ንድፎቹን አደባባዩ ላይ ከምረው እሳት ለቀቁባቸው። ወረቀቱ ሲያያዝ የልጅቷ ቀሚስ ጫፍ እንደ ወረቀት ጠርዝ ቡናማ እየሆነ ይጠቁር ጀመር። አልቪን በደህናው እጁ ይዞ ጎተታት፤ አልተነቃነቀችም። ጥላዋ መሬቱ ላይ ተቸንክሯል። ዳግማር ለማታውቀው ልጅ ምን ማድረግ እንዳለባት ጨንቋት ቆማለች።

ትሩልስ ከቤቱ ሮጦ ወጣ። በእሳቱና በልጅቷ መካከል ገብቶ ቆመ፤ የእሳቱ ብርሃን የእሱን ጥላ በእሷ ጥላ ላይ ጣለው። «ያንቺ እዚሁ ይቅር፣ የኔን ውሰጂ» አላትና ብድግ አድርጎ ታቀፋት። መሬቱ ላይ እንደ ጨርቅ የሚቀደድ ነገር ተሰማ። የቤቱን ደፍ ተሻግሮ ሲያቆማት አንድ የትልቅ ሰው ጥላ ከልጅቷ እግር ሥር ገብቶ እንደ ቁመቷ አጠረ፤ ትሩልስ ግን ጥላ አልነበረውም። አደባባዩ ላይ ንድፎቹ አመድ ሆኑ፤ ልጅቷ አልጠፋችም።

«ራበኝ» አለች። ዳቦና ወተት ሰጣት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትሩልስን ፀሐይ አያሞቀውም። ምድጃ ሥር ተቀምጦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ውሾች ሲያዩት ይሸሻሉ።

በማግሥቱ ሦስቱም ምክር ቤት ቀረቡ፤ ልጅቷ አንድ ቤት መግባት አለባትና።

«እኔ ባልነድፋት ኖሮ ምን ነበረች?» አለ አልቪን። «ሌላው ልጁን ይቀብራል፣ ይረሳል። እኔ አንድ ወረቀት ያለ እሷ አልሠራሁም። በመጨረሻም እጄን ሰጠኋት።» ከሕዝቡ አንዲት ሴት ተነሥታ፣ «አርባ ክረምት ውጭ አቁመዋት!» አለች።

ዳግማር፣ «አላውቃትም፤ አልዋሽም» አለች። «ሳያት ልቤ አይደነግጥም። ግን ያላወቅኋት ስለሰጠኋት ነው። የወለድኳትም እኔ ነኝ።» አንድ ሽማግሌ፣ «ሴትዮ፣ እንደ እንግዳ እያየሽ ልታሳድጊያት ነው?» አላት። «ያደጉት ሁሉ መጀመሪያ እንግዳ ነበሩ» ብላ መለሰች።

ትሩልስ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተነሣ። «እኔ ዘመዷ አይደለሁም። በር ከፈትኩላት፣ በላች፣ ተኛች። ሌላ የምለው የለኝም።» «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ብለው ያጨበጨቡለት ነበሩ። ሌሎቹ ግን፣ «ብቸኝነቱን ሊያስታግስባት ነው፤ ደግሞ ጥላ የሌለው ሰው ስንት ክረምት ይዘልቃል?» እያሉ አንሾካሾኩ። ትሩልስ ሰምቶ ብርድ ልብሱን ጠበቅ አደረገ።

ጉንቦርግ ግራ ገባት። «ልጅቷ ራሷ ትናገር» አለች በመጨረሻ።

ሲግኔ ሦስቱንም አየቻቸው። ስትናገር ድምፅዋ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው።

«እኔ ሁልጊዜ ያቆሙኝ ቦታ ነው የምቆመው» አለች። «የት ልቁም?»

ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉላት። አንደኛው እጅ ደንዝዟል፤ ሁለተኛው አያውቃትም፤ ሦስተኛው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ልጅቷ አንዱንም ሳትይዝ መሐል ቆማ ትጠብቃለች። ውጭ እየመሸ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ አንዴ ከመሸ ቶሎ አይነጋም።

በሉ እንግዲህ፣ እየተደማመጣችሁ ተከራከሩ፤ ለአማቼ ወገን የምትሆኑም አትፈሩ። ሲግኔ የሚገባት ለማን ነው፤ ለነደፋት፣ ፊቷን ለሰጠቻት፣ ወይስ በሩን ለከፈተላት?