እማማ ይርገዱን ደጅ ያስቀረው ቁልፍ

ጆሮ ስጡኝማ። እኔ ይህን ስሰማ ልጄን እንደታቀፍኩ አፌን ይዤ ነው የቀረሁት።

እማማ ይርገዱ ጉልበታቸውን ቢያማቸው ጠበል ሰንብተው መጡ። ደክሟቸዋል። ያማራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገዛ አልጋቸው ላይ ጋደም ማለት። ደጃቸው ሲደርሱ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል! ኧረ ጉድ!

«ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ በሬን ክፈትልኝ» አሉት።

«አልከፍትም። ጌታዬ ንጋቱ ነው» አለ ቁልፉ።

ንጋቱ ማን መሰላችሁ? የወንድማቸው ልጅ! አዝለው ያሳደጉት!

«ንጋቱ ልጄ፣ ቁልፉን ስጠኝ» አሉት።

«እቴቴ፣ አሁንማ አርጅተሻል፣ ሰፊ ቤት ምን ያደርግልሻል? እኔ ልኑርበት። አንቺ ማድ ቤት ተኚ።»

በስመ አብ! ማድ ቤት፣ ከማገዶ ጋር! ንጋቱ ቁልፉን አይለቅ፣ ቁልፉ በሩን አይከፍት፣ እማማ ይርገዱም ጋደም አይሉ።

ፖሊስ ጋ ሄዱ። «ፖሊስ፣ ፖሊስ፣ ንጋቱን አስገድድልኝ።»

«እማማ፣ የዳኛ ትእዛዝ ካላየሁ አልችልም» አለ።

ፖሊሱ ንጋቱን አያስገድድ፣ ንጋቱ ቁልፉን አይለቅ፣ ቁልፉ በሩን አይከፍት፣ እማማ ይርገዱም ጋደም አይሉ።

ዳኛዋ ጋ ሄዱ። ዳኛዋ ደህና ሴት ናት። «ሕጉማ ከእርስዎ ጋር ነው። ሰው አረጀ ተብሎ ከገዛ ቤቱ አይወጣም። ብቻ ቤቱን የሠራው ሰው መጥቶ ይመስክርልዎት፣ ወዲያው አዛለሁ» አለቻቸው።

ደስ አላቸው። ደስታቸው ግን ግንበኛው ቤት እስኪደርሱ ነበር።

«መሠረቱን የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ያሠሩኝም እርስዎ ነዎት» አለ ግንበኛው።

«ታዲያ ና መስክርልኛ!»

«ብቻዬን? ንጋቱ እኮ ጎረቤቴ ነው! ነገ ሲያኮርፈኝ ማን ያስታርቀኛል? የእድራችን ሊቀመንበር ይዘዘኝ።»

እያወቀ! አያችሁልኝ፣ እያወቀ! ግንበኛው አይመሰክር፣ ዳኛዋ ፖሊሱን አታዝ፣ ፖሊሱ ንጋቱን አያስገድድ፣ ንጋቱ ቁልፉን አይለቅ፣ ቁልፉ በሩን አይከፍት፣ እማማ ይርገዱም ጋደም አይሉ።

ሊቀመንበሩ ደግሞ «እድርተኛው ሳይሰበሰብ አንድ ቃል አልናገርም። ጡሩምባው ይነፋና» አለ።

ጡሩምባ ነፊው ጋሽ ላቀው ነው። ገና ሲሰማ ብድግ አለ። «እንዴ! ጡሩምባ የሚነፋው እኮ ሰው ሲሞት ነው! ማን ሞተና?»

ጋሽ ላቀው ጡሩምባውን አይነፋ፣ እድርተኛው አይሰበሰብ፣ ሊቀመንበሩ ግንበኛውን አያዝ፣ ግንበኛው አይመሰክር፣ ዳኛዋ ፖሊሱን አታዝ፣ ፖሊሱ ንጋቱን አያስገድድ፣ ንጋቱ ቁልፉን አይለቅ፣ ቁልፉ በሩን አይከፍት፣ እማማ ይርገዱም ጋደም አይሉ።

እማማ ይርገዱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ላቀው፣ እኔ ስሞት ትነፋልኛለህ?»

«እንዴታ! ሰፈሩ እስኪናወጥ ነዋ!»

«እሰማሃለሁ?»

ጡሩምባውን ዝቅ አድርጎ «አይ... አይሰሙኝም» አለ።

«እንግዲያው ጆሮዬ እየሰማ ንፋልኝ።»

ነፋው! ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፣ ወንዶቹ የድንኳን ብረት ተሸክመው መጡ። አንዷማ «ወይኔ እማማ ይርገዱን!» ብላ ደረቷን መምታት ጀመረች። ዞር ስትል እማማ ይርገዱ አጠገቧ ቆመዋል! ልትወድቅ ነበር።

«አለሁ፣ አለሁ» አሉ እማማ ይርገዱ። «ግን ዛሬ ብሞት ሬሳዬን ከየት ልታወጡት ነበር? ከማድ ቤት?»

ሰው ሁሉ ክው አለ። የድንኳኑን ብረት የተሸከሙት እንኳ ማውረድ ረሱ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! እድርተኛው ሊቀመንበሩ ላይ ጮኸ፣ ሊቀመንበሩ ግንበኛውን አዘዘ፣ ግንበኛው መሰከረ፣ ዳኛዋ ፖሊሱን አዘዘች፣ ፖሊሱ ንጋቱን አስገደደ፣ ንጋቱ ቁልፉን ለቀቀ፣ ቁልፉ በሩን ከፈተ፣ እማማ ይርገዱም ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እቴቴ፣ ንጋቱ ነኝ። ልብሴ እኮ ውስጥ ነው፣ ክፈቺልኝ።»

«ቆይ» አሉት እማማ ይርገዱ። «ጋደም ብያለሁ።»