የጃርቷ መርፌና የሙሽራዋ ካባ

አንድ ጊዜ እመት አንበሳ ሴት ልጇን ልትድር ተነሣችና፣ «ለልጄ እንደ ማለዳ ጤዛ የሚያብረቀርቅ ካባ የሚሠራልኝ ማን ነው? ካባው ያማረለት የቤቴ ልብስ ሰፊ ይሆናል» ብላ በዱሩ ሁሉ አስነገረች።

ጃርት ይህን ስትሰማ ደስታዋን አልቻለችውም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከጀርባዋ እሾህ እየነቀለች መርፌ ማድረግ፣ ያገኘችውን ፍሬ ሁሉ እየበሳች በክር መደርደር ትወዳለች። ጎረቤቶቿ ግን «ሥራ ፈት!» እያሉ ይሥቁባት ነበር።

ጃርት የሙሽራዋን ካባ ከመጀመሯ በፊት በአሮጌ ጨርቅ ላይ መሞከር ያዘች። የወንዝ ጠጠር ሰፋችበት፤ ጨርቁ ከብዶት ተቀደደ። ቀይ ፍሬ ሰፋችበት፤ ውሃ ሲነካው ቀለሙን ለቀቀ። የዓሣ ቅርፊት አምጥታ መካከሉን ብትበሳው ተሰነጠቀ፤ ጫፉን ብትበሳው ግን ጸና፤ ነፋስ ሲነካውም እየተገላበጠ አብለጨለጨ።

«እሰይ! እሰይ!» ብላ ብቻዋን ጨፈረች።

ከዚያ ቅርፊቱን በአመድ አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ በየመካከሉ ነጭ የቀንድ አውጣ ዛጎል ጣል እያደረገች ካባውን መስፋት ጀመረች። ቀበሮ ከአጥሩ ሥር አድፍጣ ይህን ሁሉ ስታይ ቆየችና ብቅ አለች።

«እንዴት ዋልሽ ጃርቲት? እንዲህ አንድ በአንድ ስትወጊ ሙሽራዋ ልታረጅ አይደል?»

«እጄ ቀርፋፋ ነው፣ እመት ቀበሮ። ብቻ ሳይበላሽ ይለቅልኝ።»

ቀበሮ እየሣቀች ሄደች። አያ ጅቦንም ጠርታ፣ «ከሐይቁ ዳር የዓሣ ቅርፊት በስልቻ አምጣልኝ፤ በሠርጉ ዕለት ከማዕዱ ራስ አስቀምጥሃለሁ» አለችው።

«ሥጋውስ?»

«ሥጋው ከፊትህ!»

ጅብ እየሮጠ አመጣላት። እሷም ሳታጥበው ለሙሽራዋ ባዘጋጀችው የራሷ ካባ ላይ በግራር ሙጫ ለጣጥፋ በአንድ ጀንበር ጨረሰች።

የሠርጉ ዕለት ሁለቱ ካባዎች ጎን ለጎን ተዘረጉ። የቀበሮዋ ካባ ክፍት ቦታ እንኳ አልነበረውም፤ ብልጭታው ዓይን ይወጋል። «ይኸኛው ነው!» አለች እመት አንበሳ። ጃርት እንባዋን ዋጥ አድርጋ የራሷን አጣጠፈችና ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠች።

ሙሽራዋ ካባዋን ደርባ ወጣች። ፀሐይዋ ግን በረታች። ሙጫው ቀለጠ፣ ቅርፊቱ ተንሸራተተ፣ ሽታውም የአገሩን ዝንብ ጠራ። አያ ጅቦ መጀመሪያ አሸተተ፤ ቀጥሎ ምራቁን ዋጠ፤ በመጨረሻ አላስችል አለው። ከኋላ ዘሎ የሙሽራዋን ካባ ይልስ ጀመር።

«ኧረ እማዬ፣ ሊበላኝ ነው!» ብላ ሙሽራዋ ጮኸች።

«አንቺን አይደለም እቴ፣ ልብሱን ነው!» አለ ጅብ አፉን ሞልቶ።

እመት አንበሳ ስታገሣ ቀበሮ ጅራቷን ሸጉጣ ጫካ ገባች። ሙሽራዋ የተበላሸውን ካባ አውልቃ ጥላ አለቀሰች፤ ሚዜዎቿም የሚያደርጉት ጠፋቸው። ይህን ጊዜ ጃርት ያጣጠፈችውን ካባ ይዛ ወደ ፊት መጣች።

«እመቤቴ፣ ከፈቀዱልኝ የኔው አለ።»

«አልብሻት፣ እናቴ፣ አልብሻት!» አለቻት እመት አንበሳ።

ሙሽራዋ ካባውን ስትደርበው እንደ ላባ ቀለላት። ትከሻዋን ብትሰብቅ ቅርፊቱ ሻ... ሻ... አለ። ደግማ ሰበቀች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሣቀች።

«እማዬ፣ ትከሻዬ ላይ ዝናብ የሚዘንብ መሰለኝ!»

እንግዳው ሁሉ እልል አለ። ሙሽራዋ እስኪደክማት ብትጨፍር አንዲት ቅርፊት እንኳ አልወደቀችም። እመት አንበሳም ጃርትን፣ «ከእንግዲህ ከቤቴ የት ትሄጃለሽ!» ብላ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ጃርት ከደስታዋ ብዛት እሾኋ ሁሉ ቆመ።

ሥጋው ቀረበ። አያ ጅቦም እየተሽቀዳደመ ከማዕዱ ራስ ተሰየመ። ነገር ግን የላሰው ሙጫ በአፉ ውስጥ ደርቆ ጥርሱን ከጥርሱ አጣብቆት ኖሯል። «እም! እም!» እያለ ሌላው ሲጎርስ ሲያይ ዋለ።

ከዚህ የምንማረው በጓዳ ሞክሮ ስሕተቱን ያረመ በአደባባይ እንደማያፍር፣ ለዓይን ብቻ የተለጠፈ ውበት ግን ፀሐይ እስኪነካው ድረስ ብቻ እንደሚያምር ነው።