ግራ እጃቸውን ያወጡ ልጆች

አንድ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ መምህር ነበር። ስሙ ደርቤ ይባላል። ሱፐርቫይዘር ወደ ክፍሉ በገባ ቁጥር የሚጽፍለት ግምገማ አንድ ዓይነት ነው፤ «እጅግ በጣም ጥሩ»። ደርቤ ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ሸፍኖ በፋይል አስቀምጧቸዋል። ተማሪዎቹ ግን ክልላዊ ፈተና ላይ ይወድቃሉ። ባለፈው ዓመት ከአርባ ስድስቱ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ያለፉት አሥራ አንዱ ብቻ ነበሩ።

ርዕሰ መምህሩ ወጣት ነው፤ ታላቁን ማሳፈር አይወድም። ቢሆንም መስከረም ላይ ቢሮው አስጠራውና፣ «ጋሽ ደርቤ፣ ወረቀቱና ፈተናው አልስማማ አሉኝ» አለው። «ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥቼ እርስዎን ወደ ንብረት ክፍል ለማዛወር እገደዳለሁ።»

ደርቤ ክው አለ። ጠመኔውን አስቀምጦ የተሰበረ ወንበር ሊጠብቅ ነው። ማስተማር እንደሆነ ነፍሱ ነው፤ ጠዋት ከደወሉ በፊት ደርሶ ሰሌዳውን የሚያጸዳው ራሱ ነው። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። የት ላይ እንደሚሳሳት የነገረው ሰው ነው የሌለው።

አሁን ምስጢሩን ልንገራችሁ። መምህር የሆናችሁ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ባላየ እለፉኝ። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ሲል ደርቤ ልጆቹን ያሰለጥናቸዋል። «ስጠይቅ ሁላችሁም እጃችሁን አውጡ። የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን።» እንግዳው ከኋላ ሆኖ ሲያይ ክፍሉ በሙሉ እጅ ብቻ ነው። ደርቤ ቀኝ ካወጡት አንዱን ይጠራል፣ ልጁ ይመልሳል፣ ይጨበጨባል። ግራ እጃቸውን ያወጡት ልጆች ደግሞ ሳይጠየቁ ዓመቱ ያልቃል።

በዚያ ዓመት አንድ አዲስ ነገር መጣ። በየገጠሩ የተበተኑ የሒሳብ መምህራን በቴሌግራም ቡድን ይሰባሰቡ ተባለ። እያንዳንዱ በወር አንድ ጊዜ ሲያስተምር በስልኩ ይቀረጽና ይላክ፤ ሌሎቹ አይተው አስተያየት ይስጡ፤ እንዲህ እየተራረሙ ሙያቸውን ያሻሽሉ። ሐሳቡ ደግ ነበር። መምህራኑ ግን ምን አደረጉ መሰላችሁ? ለሱፐርቫይዘር የሚያሳዩትን ለስልኩም አሳዩት።

ደርቤም ልጆቹን ሳምንቱን ሙሉ አሰልጥኖ፣ ስልኩን መስኮት ላይ በጠመኔ ካርቶን አስደግፎ ስለ ክፍልፋይ ያስተማረውን ቀረጸ። ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ በላይ፣ ውኃ ታንከሩ ያለበት ጉብታ ላይ ነው። እዚያ ወጥቶ ላከው። አርባ ሰው አውራ ጣት ሰጠው፤ «ግሩም ነው»፣ «ይበርቱ»፣ «ከእርስዎ ብዙ እንማራለን» ተባለ። ደርቤ ደስ አለው። ማግስቱን ለልጆቹ አጭር ፈተና ቢሰጣቸው ግማሾቹ ዜሮ አመጡ።

በሳምንቱ ጉብታው ላይ ሲወጣ በውስጥ መስመር አንድ የድምፅ መልእክት ጠበቀው። ላኪዋ ዘሃራ የምትባል መምህርት ናት። የምታስተምረው ቆላ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ያስኬዳል። ደርቤ በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

«መምህር ደርቤ፣ እንደምን ዋሉ» ትላለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ቪዲዮዎን ወደኋላ እየመለስኩ ሦስት ጊዜ አየሁት። አምስት ጊዜ ጠይቀዋል። አምስቱንም ጊዜ የጠሩት ቀኝ እጁን ያወጣ ልጅ ነው። በወዲያኛው መስኮት ሥር ያለችው ልጅ አምስቱንም ጊዜ ያወጣችው ግራዋን ነው። እጇን እንዳወጣች ደግሞ አንገቷን ትደፋለች። ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም።»

ደርቤ መልእክቱን ደግሞ ሰማው። ሃያ ሁለት ዓመት የሸፈነውን አንዲት የማያውቃት ሴት በስልክ ገለጠችው። «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ጻፈና አጠፋው። «ተሳስተሻል» ብሎ ጻፈና እሱንም አጠፋው። በመጨረሻ፣ «እህቴ፣ እንዴት አወቅሽ?» ብሎ ላከላት።

መልሷ ወዲያው ደረሰ። «እኔም የማደርገው ይህንኑ ስለሆነ ነዋ።»

ከመልሷ ጋር አንድ ቪዲዮ አብሮ መጣ። ለቡድኑ የላከችው አይደለም፤ የዘወትር ትምህርቷ ነው። ዘሃራ ትጠይቃለች፣ ልጆቹ ትንፋሽ ሳይሰበስቡ ራሷ ትመልሳለች። ከኋላ አንዱ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ደርቤ ሳቀ። በእሷ አልነበረም የሚስቀው፤ ከጀርባው ላይ ኩንታል እንደወረደለት ሰው ነው የሳቀው። ለካ ብቻውን አልነበረም።

በማግስቱ ማንንም ሳያሰለጥን ስልኩን መስኮቱ ላይ አቆመ። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ራሱን አየ። ሲያስተምር ራሱን ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ያየውንም አልወደደውም። ፊቱ ወደ ሰሌዳው ነው፣ ወሬውም ከሰሌዳው ጋር ነው። ሊያጠፋው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ከዚያ ግን የዘሃራ ድፍረት ትዝ አለውና ላከላት።

«በሃያ ደቂቃ ውስጥ "ገባችሁ?" ያሉት ሠላሳ አንድ ጊዜ ነው» ብላ መለሰችለት። «ልጆቹም ሠላሳ አንዱንም ጊዜ "አዎ" ብለዋል። አልገባኝም ያለ አንድም የለም። ጋሼ፣ ለምን ግራ እጁን ያወጣውን ልጅ አይጠሩም? ከጠሩት በኋላ ደግሞ ዝም ይበሉና በልብዎ እስከ ሰባት ይቁጠሩ። እኔ ልሞክረው ብዬ ፈርቻለሁ። እርስዎ ይሞክሩትና ይንገሩኝ።»

ደርቤ ሞከረው። «አንድ አራተኛና አንድ ስምንተኛ፣ የቱ ይበልጣል?» አለ። እንደለመዱት ቀኝም ግራም እጆች ወጡ። በወዲያኛው መስኮት ሥር የምትቀመጠውን ያለምዘውድን ጠራት። ልጅቱ ደነገጠች፤ የተሳሳተ እጅ ያወጣች መስሏት ቀኝና ግራዋን አየች። ደርቤ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር፤ ዋጠው። ስድስት ላይ ሲደርስ ልጅቱ፣ «አንድ ስምንተኛ» አለች።

«ለምን?»

«ስምንት ከአራት ይበልጣላ» አለች። ግማሹ ክፍል አዎን ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ደርቤ ልቡ ተነካ። ይኼን ያህል ዘመን ልጆቹ እንዲህ እያሰቡ ሲወድቁ እሱ ሰምቶ አያውቅም። እንዳይከፋት ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ያሰብሽውን ነገርሽኝ። በይ አሁን፣ አንድ ዳቦ ለአራት ሰው ሲካፈልና ለስምንት ሰው ሲካፈል፣ የቱ ጋ ብትቀመጪ ይሻልሻል?»

ልጅቱ አሰበችና ፈገግ አለች። «አራቱ ጋ።» ከኋላ አንዱ፣ «እና አንድ አራተኛ ነዋ የሚበልጠው» ብሎ ጮኸ። የዚያን ቀን ሠላሳ አንድ ጊዜ «ገባችሁ» ማለት አላስፈለገም።

ዘሃራም ይኼን ሰምታ ደፈረች። በየሳምንቱ ጥሩ ያልሄደውን ትምህርታቸውን መርጠው ይላላኩ ጀመር። እሷ የእሱን ታርማለች፣ እሱ የእሷን ያርማል። አንዳንዴ ይቀላለዳሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም ግራ ይገባቸውና ቡድኑን ይጠይቃሉ። ያኔ ያ አውራ ጣት ብቻ ሲልክ የነበረ ሁሉ፣ እኔም እኮ እዚያ ጋ ያቅተኛል እያለ ብቅ ብቅ አለ።

ሚያዝያ ላይ ሱፐርቫይዘር መጣ። ደርቤ ልጆቹን አላሰለጠነም። ከጠየቃቸው ሦስቱ ተሳሳቱ፤ ክፍሉ ዝም ያለበት ጊዜም ነበር። የግምገማው ወረቀት፣ «ጥሩ። ተማሪዎች ስህተት ያበዛሉ» ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያገኘው ዝቅተኛው ውጤት ይኼ ነው። ርዕሰ መምህሩ አንብቦት ተከዘ፤ የንብረት ክፍሉን ቁልፍ ማን እንደያዘው ጠየቀ። ደርቤ ይኼን ሰማ። ቢሆንም ወደ ድሮው አልተመለሰም።

የክልላዊ ፈተናው ውጤት ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከአርባ ስምንቱ ልጆች ሠላሳ አራቱ ሒሳብ አልፈዋል። ራሱ ክፍል ድረስ መጥቶ የደርቤን እጅ ጨበጠ።

«ጋሽ ደርቤ፣ እፎይ አሰኙኝ። ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ የሚነካዎት የለም። ግን ይንገሩኝ፣ ምን አደረጉ?»

ደርቤ እጁ ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ አራገፈ። አንጀቱ ቅቤ ጠጥቷል።

«ተያዝኩ» አለ።

ነገሩ ይኸው ነው ወገኖቼ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እንዳንናገር የሚያደርገን ደግሞ ሰሚው ይስቅብናል የሚለው ፍርሃት ነው። ስልክ በእጃችን ገብቷል፤ ጌጣችንን ብናሳይበት አውራ ጣት እንሰበስባለን እንጂ ካለንበት ፈቀቅ አንልም። የከበደንን ነገር ለሙያ ባልንጀራችን ብናሳይበት ግን የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ያለች እህት ታርመናለች። ያስተማረ ሰው መማር ካቆመ ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው።

እናንተስ በሥራችሁ፣ ጉድለታችሁን አይቶ ዝም የማይላችሁ፣ አይቶም የማይስቅባችሁ አንድ ሰው አላችሁ? ከሌላችሁ፣ ለሌላው እንዲህ ያለ ሰው በመሆን ጀምሩ።