ሼህ ጦይብ ያለፉት ምዕራፍ

ስሟን ባልጠራም ትልልቆቹ በሚያውቋት በአንዲት አሮጌ የንግድ ከተማ፣ ከመስጊዱ በስተጀርባ ባለው ሰፈር፣ ሸምሱ የሚባል ኮርቻ ሠሪ ይኖር ነበር። ከተማዋ ያኔ እንደ ዛሬው አልነበረችም። አጥር የሚታጠረው ከብት እንዳይወጣ እንጂ ሰው እንዳይገባ አልነበረም። አንድ ሰው አልጋ ላይ ከዋለ ወሬው በዚያው ቀን ገበያ ይደርሳል። ጎረቤቱም ከሥራው ሲመለስ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት የታመመውን ሰው ደጃፍ ይረግጣል፤ ሰላም ብሎ፣ ዱዓ አድርጎ፣ ካልቸኮለም ቁጭ ብሎ።

የሸምሱ እጅ የተባረከ ነበር። እሱ የሰፋው ኮርቻ የበቅሎ ጀርባ አይልጥም ይባላል። ሰው ይበልጥ የሚያውቀው ግን በንጽሕናው ነው። በግቢው ያስቆፈረውን ጉድጓድ ለመስጊዱ ሰጥቶ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰጋጆች የሚታጠቡባቸውን የውዱእ ጋኖች በየማለዳው የሚሞላው እሱ ራሱ ነበር። ሌላ ሰው ላግዝህ ሲለው "ተው፣ ይቺ የኔ ድርሻ ናት" ይላል። ቆዳ ሲፍቅ በዋለበት ልብስ መስጊድ አይገባም። ለሶላት ብቻ የሚለብሳት አንዲት ነጭ ጀለቢያ አለችው፤ ሚስቱ ዘሐራ እሷን ስታጥብ ከሌላ ልብስ ጋር አትቀላቅላትም።

እንግዲህ የታመመው ይህ ሰው ነው።

ሕመሙ ከወገቡ ጀመረ። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ። ቀስ በቀስ እግሮቹ ደነዘዙ፤ ረመዳን ወጥቶ የሸዋል ወር ሲጋመስ ከአልጋ መውረድ አቃተው። ከሩቅ የመጣ ሐኪም አየውና "ስቃዩን አቀልልህ ይሆናል እንጂ ትድናለህ ብዬ አልዋሽህም" አለው። ሸምሱ ይህንንም አልሐምዱሊላህ ብሎ ተቀበለ። መቀበል ያቃተው ሽንቱ አልታዘዝ ሲለው ነው። መምጣቱን ሳያውቅ ይመጣል። ዘሐራ አንሶላውን ቀይራ ገና እጇን ሳታደርቅ መልሶ ይርሳል።

በመጀመሪያው ቀን የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ አለፈው። ልብሴን ቀይሬ ከዐስር ጋር እሰግዳለሁ ብሎ ነበር፤ ዐስር ሲደርስም ርሶ ነበር። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ሳምንት ሲሞላው ያለፉትን ሶላቶች መቁጠሩን ተወ።

"በዚህ ሁኔታዬ ጌታዬ ፊት አልቀርብም" አላት ለዘሐራ። "ለማንም እንዳትናገሪ።"

ዘሐራም ቃሏን ሰጠች። ነጯን ጀለቢያ አጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወዲህ አዛን በተሰማ ቁጥር ሸምሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሞትን አልፈራም። የፈራው ሶላት የተወ ሰው ሆኖ መሞትን ነበር፤ መውጫው ደግሞ አልታየውም።

ባልንጀሮቹ በየቀኑ ይመጣሉ። ከሁሉ የሚቀርቡት ሁለቱ ነበሩ፤ ጨርቅ ነጋዴው ኑርዬና ሸማኔው ደሊል። ሦስቱም በልጅነታቸው ከሼህ ጦይብ እግር ሥር ተቀምጠው አብረው የተማሩ ናቸው። ኑርዬ አንደበቱ ጣፋጭ፣ የታመመን የሚያጽናና፣ የተጣላን የሚያስታርቅ ሰው ነው። ደሊል በተቃራኒው ከገባበት እስኪወጣ አምስት ቃል አይናገርም።

አንድ ቀን ኑርዬ ከደሊል ጋር መጥቶ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ማጽናናት ጀመረ።

"አብሽር ሸምሱ። ሕመም የወንጀል ማጠቢያ ነው። አላህ የሚወደውን ባሪያ ይፈትናል። አንተ ደግሞ ምን ጎደለህ? እግርህ ቢደክም ኢባዳህ አልተቋረጠም። ስንቱ ጤነኛ ሶላቱን እየተወ አንተ እዚህ ተኝተህ…"

"አሚን" አለ ሸምሱ፣ ዱዓ ሳይደረግ። ኑርዬ ግን ልብ አላለውም።

ወዲያው የዐስር አዛን ተሰማ። ኑርዬ ተነሥቶ "እዚሁ ጀማዓ እንስገድ፣ አንተም ባለህበት ተከተለን" አለ። ሸምሱ ዓይኑን ጨፈነ። ዘሐራ ከበሩ አጠገብ ሆና "እንቅልፍ ሸለብ አድርጎታል" አለች። ሁለቱ ሰገዱ። በመጨረሻ ለሰላምታ ፊታቸውን ወደ ግራ ሲያዞሩ ደሊል አልጋውን አየ። የሸምሱ ዓይን ተከፍቷል። የራበው ሰው ሌላው ሲበላ እንደሚያይ የሚሰግዱበትን ስጋጃ ያያል። ደሊል እንዳላየ ሆነ።

ሲወጡ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ዘሐራን ጠየቃት።

"የውዱእ ውሃውን የት ነው የምታስቀምጪለት? አልጋው አጠገብ አላየሁም።"

ዘሐራ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። ቃሏን አልበላችም፤ ደሊልም ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ከዚያው በቀጥታ ወደ ሼህ ጦይብ ቤት ሄደ።

ሼህ ጦይብ ያኔ ሰማንያን ተሻግረዋል። የመስጊዱን ኢማምነት ጉልበቴ ደክሟል ብለው ከለቀቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በማግስቱ በደሊል ትከሻና በምርኩዛቸው ተደግፈው መጡ፤ ኑርዬም ከኋላ ተከተለ። ሸምሱ ድምፃቸውን ከደጅ ሲሰማ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። ከዓለም ሰው ሁሉ በዚህ ሁኔታ እንዲያዩት ያልፈለገው እሳቸውን ነበር።

"ሁላችሁም ውጡልኝ" አሉ ሼሁ። በሩ ሲዘጋ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሸምሱ ከዚያ እንዳይቀመጡ ሊላቸው ፈልጎ አፈረ።

"ልጄ፣ የቱ ነው የከበደህ?"

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ሁሉም ታገስ፣ በርታ፣ አይዞህ ብሎት ሄዷል። ሸምሱ ብርድ ልብሱን ከአገጩ ዝቅ አደረገ።

"ከሰገድኩ አርባ ቀን አለፈኝ።"

ሼሁ ጠጋ አሉት።

"ንጹሕ አይደለሁም፣ ሼህ። ይቺ የተቀመጡባት አንሶላ ራሷ… እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። በልጅነታችን፣ ከዋርካው ሥር፣ 'ጠብታ ሽንት ልብሳችሁን ነክታ ብትሰግዱ ድካማችሁ ሜዳ ላይ ቀረ' ብለውናል። አልረሳሁትም።"

"ብያለሁ" አሉ ሼህ ጦይብ። "ያኔ ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም፤ ታምሜም አላውቅም ነበር። ለጤነኛ ልጆች የጤነኛን ሰው ሶላት አስተማርኩ። ከኪታቡ የታማሚው ሶላት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ 'ይሄ ለሽማግሌ ነው፣ ስታረጁ ትማሩታላችሁ' ብዬ ገጹን ገልጬ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ስትገባ ስትወጣ አይቼህ ተመልሼ አላስተማርኩህም። ጥፋቱ የኔ ነው። አውፍ በለኝ።"

"እኔ ማን ሆኜ ነው እርስዎን…"

"የተማሪ ሐቅ አለብኝ። አውፍ ሳትለኝ አልጀምርም።"

"አውፍ ብያለሁ፣ ሼህ።"

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሌላም ልንገርህ። ኢማምነቱን የለቀቅኩት ጉልበቴ ደክሞ ነው ብያችኋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። እኔም እንዳንተው ነኝ። መስጊድ የምመጣው ጨርቅ ታጥቄ ነው። ሕጉን ስለማውቅ ሶላቴን አልተውኩም፤ ግን ከሰው አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ተናግሬው ቢሆን አንተ ይህን ሁሉ ቀን ከጌታህ ተለይተህ ባልተኛህ።"

ሸምሱ የመምህሩን ፊት አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀና ብሎ ያላየው ፊት ነው። ከዚያ ሼሁ ትምህርቱን ጀመሩ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ጣታቸውን እያነሡ።

"ወቅቱ ሲገባ ትታጠባለህ፤ ንጹሕ ጨርቅ ትታጠቃለህ፤ ውዱእ ታደርጋለህ፤ ሳትዘገይ ትሰግዳለህ። ከዚያ በኋላ ያላንተ ፈቃድ የሚወጣው አይጠየቅብህም። መቆም ካቃተህ ተቀምጠህ፣ መቀመጥ ካቃተህ በጎንህ፣ ራስህን ዝቅ እያደረግክ ትሰግዳለህ። ያለፈህን ደግሞ ስትችል ቀስ እያልክ ሰግደህ ትከፍላለህ። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"ድገምልኝ።"

ሸምሱ ደገመው።

ሼሁ በሩን አስከፍተው ባልንጀሮቹን ጠሩ። ዘሐራ ውሃ አሞቀች፤ ደሊል ባልንጀራውን አቅፎ አነሣው፤ ገላውን አጥበው ጨርቅ አስታጠቁት። ውዱኡን ግን ሼሁ ራሳቸው ማንቆርቆሪያውን ይዘው አስደረጉት፤ ውሃው ወለሉ ላይ ይፈስስ ነበር። ኑርዬ በፎጣ ያብሳል። የነገሩ ምሥጢር ገብቶት ፊቱ ደም መስሎ ነበር።

"ነጭ ጀለቢያህ የታለች?" አሉ ሼሁ።

"ትቆሽሻለች፣ ሼህ።"

"ትቆሽሻለች፤ ትታጠባለች።"

ዘሐራ ከሣጥኑ አውጥታ አለበሰችው። ዐስር ደርሶ ነበር። ደሊል ሊያሰግድ ፊት ቆመ፤ ኑርዬ ቆሞ፣ ሼሁ ተቀምጠው፣ ሸምሱ በጎኑ ወደ ቂብላ ዞሮ ተከተሉት። ሸምሱ አላሁ አክበር ብሎ እጆቹን ሲያነሣ ከአርባ ቀን በላይ ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር የተነሣለት መሰለው። ለሱጁድ ግንባሩን መሬት ማድረስ አልቻለም፤ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገ፤ እዚያም ቆየ፤ ደሊልም ቀና እስኪል ታገሠው።

ሸምሱ አልዳነም። ሐኪሙ እንዳለው እየከሳ ሄደ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሶላት አላለፈውም። ደሊል የንጋቱን ሱብሒ፣ ኑርዬ ዙሁርን፣ ሌሎች ጎረቤቶችም የቀሩትን ወቅቶች ተከፋፍለው እየመጡ ያጥቡታል፤ አብረውት ይሰግዳሉ። ዘሐራም ከስንት ሳምንት በኋላ የጠገበ እንቅልፍ ተኛች። ኑርዬ ከሱቁ ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ እየቀደደ ያመጣል፤ ወሬውንም ቀንሶ ነበር። ለአንድ ሰሞን ከመስጊድ ቀርቶ የነበረ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሊጠይቀው መጣ። ሸምሱ ሰውየው ከበሩ አጠገብ ራቅ ብሎ መቀመጡን አይቶ ጠጋ በል አለው፤ በጆሮውም ያን ምዕራፍ ነገረው። አናጢው በሚቀጥለው ጁምዓ ከመጨረሻው የሰጋጆች ሶፍ ላይ ታየ።

በረጀብ ወር፣ ሱብሒን ከሰገደ በኋላ፣ ደሊል ጀለቢያውን እያስተካከለለት ሳለ የሸምሱ ነፍስ ወጣች። አላህ ይዘንለት።

በለቅሶው ላይ አንድ ሰው ሼህ ጦይብን ጠየቃቸው፤ "የታመመ ሰው ስንጠይቅ ምን ብንለው ይበልጥ ያጽናናዋል?"

ሼሁም እንዲህ አሉ፤ "ታገስ ከማለትህ በፊት የቱ እንደከበደው ጠይቀው። እሱን ካነሣህለት ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን፣ አላህ ይሰጠዋል።"

ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የኑርዬ ነገር ይከነክነኛል። ኑርዬ አንድም የተሳሳተ ቃል አልተናገረም። ሕመም ወንጀል ያብሳል፤ አላህም የሚወደውን ይፈትናል። ግን እውነተኛውን ቃል ቁስሉ የት እንዳለ ሳያይ አስቀመጠው፤ ቃሉም ቁስሉን ነካው። ዛሬ እኛም ከስልካችን ላይ "አላህ ያሽርህ" ብለን ጽፈን ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል። ዱዓው መልካም ነው፤ ማንም አይንቀውም። ያ የድሮ ሰፈር የሚናፍቀኝ ግን ሰዎቹ ከኛ የተሻሉ መላእክት ስለነበሩ አይደለም። ቁጭ ይሉ ስለነበር ነው። ቁጭ ያለ ሰው ከአልጋው አጠገብ የውዱእ ውሃ አለመኖሩን ያያል።

ሼህ ጦይብ ያቺን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ሰማንያ ዓመትና አንድ የደበቁት ሕመም ፈጅቶባቸዋል። እኛ እንዲሁ በነጻ ሰምተናታል፤ ነገ ከማን አልጋ አጠገብ እንደምንጠይቃት አላህ ያውቃል።