የማይከስረው የአቶ ዘርጋው መኪና

ውርርዱ ሃምሳ ሺህ ብር ነበር። አቶ ዘርጋውና አቶ ጣሰው ቅንጡ ስፖርት መኪኖቻቸውን ካፌ በር ላይ አቁመው፣ «ሲሸጥ ዋጋውን የሚይዘው የእኔ ነው» ተባባሉ። የአቶ ዘርጋው መኪና በወር ሁለት መቶ ሺህ የተከራዩት መሆኑን የሚያውቀው ከመኪናው ባለቤት ጋር ያገናኛቸው ደላላ ብቻ ነው፤ የእሱን ሃያ ሺህ ብር ኮሚሽን ግን ገና አልከፈሉትም።

አቶ ዘርጋው ደላላውን ጠሩት። «አንተ ውሸታም፣ ዛሬ እንኳ እውነት ተናገር! መኪኖቹ ቢሸጡ ማን ይከስራል?»

«አቶ ጣሰው ግማሽ ሚሊዮን ይጎድልባቸዋል። እርስዎ ግን አምስት ሳንቲም አይከስሩም፣ ጌታዬ።»

«ሰማህ፣ ጣሰው!»

«የተከራየውን መኪና ሸጦ የታሰረ እንጂ የከሰረ አላየሁም» አለ ደላላው።

የሚሸጥ መኪና የሌላቸው አቶ ዘርጋው ውርርዱን ከፈሉ። ደላላው ሃያ ሺህ ኮሚሽኑ ቀረበት፤ አቶ ጣሰው ግን ካገኙት ላይ ሃያ አምስት ሺህ ቆጥረው ሰጡት። እውነት ተናግሮ አምስት ሺህ ብር ሲያተርፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።